ሽፋን መስጠት

ጋዜጠኝነት የተማርኩት 4 ዓመት ነው። በነዚያ 4 ዓመታት መምህሮቼ ደጋግመው ከነገሩን ቃላት አንደኛው «ሽፋን» ነው። ለምርጫ ሽፋን መስጠት፣ ለጎርፍ ሽፋን መስጠት፣ ለስብሰባ ሽፋን መስጠት (በተለይ ለስብሰባ!)። አማርኛችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሽፋን ማሳወቅም ነው፣ መደበቅም ነው። «ሸፈንሽው» ሲሉሽ ዘገብሽው ይሁን ደበቅሽው የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ይህን ልዩነት ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። የተማርኩት ኮልፌ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ የዳሽቦርድ ፕላስቲክ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላውራችሁ።

መኪናው የ1987 (እ.ኤ.አ.) ስሪት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። አባዬ የገዛው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ እኔ ገና አልተወለድኩም። የገዛው ለሽርሽር አይደለም። ከኋላ ጣሪያ ተሠርቶለት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ተገጥሞለት፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ «ውይይት» ሆነ። ውይይት ሲባል ቴሌቪዥን ላይ ጠረጴዛ ከበው የሚቀመጡ ባለ ከረቫቶች ትዝ ያላችሁ ካላችሁ፣ እሱ አይደለም። ውይይት ታክሲ ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ የሚቀመጥበት ፒክአፕ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዝም ማለት ይከብደዋል። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎም ስለ መንግሥት ይወራል። ስሙ ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ። አባዬ ደግሞ በአብዮቱ ጊዜ ከነበሩት የውይይት ክበቦች ነው ይላል። ሁለቱም ያስኬዳል።

ከኮልፌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ኮልፌ ሲመላለስ ብዙ ዓመት ኖረ። ሚኒባሶቹ እየበዙ፣ ውይይቶቹ ከከተማው እየጠፉ ሲሄዱ የኋላው ጣሪያ ተነቀለና መኪናው የጭነት ሆነ። አጠና ጫነ፣ ሽንኩርት ጫነ፣ ሲሚንቶ ጫነ፣ የሠርግ ድስት ጫነ። እኔንም ወደ ትምህርት ቤት ጫነ። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ጦር ኃይሎች ድረስ ሲመጣ አባዬ የመኪናውን ኮፈን መታ መታ አድርጎ «በል እንግዲህ ጡረታ ወጣን» አለው። ሁለቱም ግን ጡረታ አልወጡም።

ጡረታ ያወጣቸው ዓይን ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ አባዬ ከመኪናው ጋር መጣላት ጀመረ። «ይሄ የግራ መስታወት ጠበበ» ይላል። መስታወት አይጠብም። ከ30 ዓመት በላይ የነዳ ሰው የጎረቤታችንን የቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ በግራ በኩል ጫረው። በሦስተኛው ጊዜ በር ሳይሆን ልጅ ነበር። ልጁ ምንም አልሆነም፤ የፈነዳው ኳሱ ብቻ ነው። አባዬ ግን ከመኪናው ወርዶ አጥር ሥር ቁጭ አለና ለግማሽ ሰዓት ያህል አልተነሳም። ለልጁ ሁለት ኳስ ገዛለት። ቁልፉን ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ጌጥ ነው» አለ።

ሐኪም ቤት «ግላኮማ» አሉን። ሰፈር ውስጥ «የዓይን ግፊት» የሚባለው ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደልቡ መውጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳዋል። ክፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚጀምረውም ከዳር ነው፤ መሀሉን ትቶ ዳር ዳሩን ይበላል። ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ ስለሆነ ሁሉን የሚያይ ይመስለዋል። የጠፋው አይመለስም። ጠብታውም ቀዶ ጥገናውም የቀረውን ለማቆየት ነው። የአባዬ ግራ ዓይን አብዛኛውን ነገር ጨርሷል፤ ቀኙ ግን ገና የሚጠበቅ ነገር አለው። ለመጠበቅ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ደግሞ ግቢ ውስጥ አራት ጎማ ኖሮት ቆሟል።

(እኔስ? እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ለሁለት ዓመት «ገለጹ፣ አመለከቱ፣ አሳሰቡ» እያልኩ የተላከልንን መግለጫ ሳነብ ቆይቼ ለቅቄ ነበር። ለምን ለቀቅሽ ለሚለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ረጅም ነው። አጭሩ ግን ሥራ አልነበረኝም ነው።)

ደላላው መጣ። እዚህ ሀገር መኪና አያረጅም፤ ሰው ነው የሚያረጀው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እናም ቀድሞ የገባ ብረት ሁሉ፣ ቢያረጅም፣ ቀን ወጣለት። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «ወርቅ ነው» አለ። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፈተ። «ውስጡ ግን አስከሬን ነው» አለ።

እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆላ ካለው ይበረታል። ጨረሩ በመስታወት እየገባ ፕላስቲኩን ከላይ ከላይ ይሰባብረዋል። ቀለሙ ይሸሻል፤ ገጹ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ በጣት ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይለቃል። የኛ ዳሽቦርድ (የድሮ ሾፌሮች ክሩስኮት ይሉታል) የቆጣሪው ዙሪያ ግራጫ፣ የኪሱ ክዳን ቢጫ፣ የመሪው ሥር ሽፋን ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ቀለም ሆኖ ነበር። ሁሉም አንድ ቀን አንድ ዓይነት ቀለም እንደነበሩ ማንም አያምንም።

«ቀላል ነው» አለ ደላላው። «አንድ ጠርሙስ ማብሪያ ግዢና ጠዋት ጠዋት ለቅልቂው። ገዢ ሲመጣ ያብረቀርቃል። ከሸጥሽው በኋላ ምን አገባሽ?»

እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ጠርሙሱን ልገዛ ተነስቼ ነበር። መንገድ ላይ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ጎራ አልኩ። እዚያ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ነገሩን አጫወትኳቸው። እሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ለሽያጭ ነው ለኑሮ?»

«ለሽያጭ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣሽ? ማብሪያ እንደሆነ ሱቅ ሞልቷል።»

አፈርኩ። «እሺ ለኑሮ» አልኩ።

«ማን ይኖርበታል?»

«የሚገዛው ሰዉዬ።»

ሳቁ። የእጃቸውን ዋጋ መክፈል እንደማልችል ነገርኳቸው። «እጅሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው። እሳቸው እዚህ መተኮስ ተማሩ። እኔ ፕላስቲክ መቀባት። ሰፈሩ ለሁሉም እንደ አቅሙ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ትምህርት መፍታት ነው። ካቻቢቴ ይዤ ገባሁ። ጋሼ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አትሳቢ። የሚይዘው ነገር ካለ አንቺ ያላየሽው ብሎን አለ ማለት ነው።» በስንት ጥንቃቄ ፈታሁ፣ ሁለት መያዣ ግን ሰበርኩ። ያረጀ ፕላስቲክ እንደ ደረቀ ዳቦ ነው፤ ሳይታጠፍ ይቆረሳል። የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በየፌስታሉ አስሬ ከየት እንደወጣ በወረቀት ጻፍኩበት። (4 ዓመት ማስታወሻ መያዝ የተማርኩት ለዚህ ነበር።) ከኪሱ ክዳን ጀርባ የ10 ሳንቲም፣ የ25 ሳንቲም፣ አንድ የፀጉር ጌጥ (የኔ!) እና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ።

ሁለተኛው ማጠብ ነው። ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ ሥራው ግን ያለው እዚህ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። የፕላስቲኩ ገጽ እንደ ቆዳ ሸንተረር አለው፤ የ30 ዓመት የእጅ ወዝ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ቆሻሻው አይደለም፤ ማብሪያው ነው። ለካስ አባዬም በደህናው ዘመን ለበዓል ለበዓል ይለቀልቀው ነበር። ብዙዎቹ ማብሪያዎች ሲሊኮን አላቸው። ሲሊኮን ያለበት ገጽ ላይ ቀለም ሲረጩ ቀለሙ አይቀመጥም፤ ክብ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል። በዓይን ደግሞ አይታይም። ሦስት ቀን አጠብኩ፤ ከዚያ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁን እየቀያየርኩ ጠረግኩ።

«ቤንዚን ወይ ቲነር ቢሆን ቶሎ አይለቅም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይለቃል። ፕላስቲኩም አብሮ ይለቃል» አሉ ጋሼ።

ከዚያ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ሽፋን ከመስጠትሽ በፊት የድሮውን ሽፋን አንሺ። ሰው የሚሳሳተው ያብረቀረቀውን ንጹሕ ብሎ ነው።» እኔ የኤፍ ኤሙን ስቱዲዮ አስታወስኩ። እሳቸው ግን ስለ ሲሊኮን ነበር የሚያወሩት።

ሦስተኛው ማወቅ ነው። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው የመኪና የውስጥ ፕላስቲክ ወይ ኤቢኤስ ነው ወይ ፖሊፕሮፒሊን። ኤቢኤስ ቀለም ይወዳል፤ ካጠቡትና በስሱ ካሻከሩት ይይዛል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ቅባታም ጠባይ አለው፤ መጀመሪያ ለሱ የተሠራ የሚያጣብቅ ፕራይመር ካልተረጨበት ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተገፎ ይወጣል። ጋሼ እነዚህን ስሞች አያውቋቸውም። እሳቸው ከጀርባ በኩል ስንጥር ያህል ይልጡና በክብሪት ያቃጥሉታል። አንዱ የሻማ ሽታ ይሸታል፤ «ሻማው» ይሉታል። ሌላው ጥቁር ጥላሸት እያወጣ ይነዳል፤ «ጥቀርሻው» ይሉታል። ሻማው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጥቀርሻው ኤቢኤስ። እኔ ጭሱን ፈርቼ ያነበብኩትን ሞከርኩ፦ ስንጥሩን የላርጎ ጠብታ ያለበት ውኃ ውስጥ መጨመር። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስ ይሰምጣል። የቆጣሪው ዙሪያ ሰመጠ፤ የመሪው ሥር ሽፋን ሰመጠ፤ የኪሱ ክዳን ተንሳፈፈ። ጋሼ ብርጭቆውን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ የኪሱን ክዳን ስንጥር አቃጠሉና አሸተቱ። «ሻማ ነው። ልክ ነሽ» አሉ። ከምረቃዬ ቀን ይበልጥ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

አራተኛው ማሻከር። ለስላሳውን ክፍል በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ600፣ በውኃ። ሸንተረር ያለውን ግን በብርጭቆ ወረቀት አይነኩትም፤ መልኩ ይጠፋል። እሱን የዕቃ ማጠቢያው ሻካራ ስፖንጅ ይበቃዋል። ዓላማው መፋቅ አይደለም፤ ቀለሙ የሚቆናጠጥበት ማበጀት ነው።

አምስተኛው ላይ ተጣላን። ቀለም መምረጥ።

ደላላው በስልክ «ግራጫ አድርጊው፤ ዘመኑ የግራጫ ነው» አለኝ። ዘመኑስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያለው ሕንፃ ሁሉ ግራጫ ተቀባ፤ ከተማው አንድ ቀን አድሮ ዩኒፎርም ለበሰ። ጋሼ «ጥቁር ይሻላል፣ ስህተት ይደብቃል» አሉ። እኔ ደግሞ የድሮውን፣ የፋብሪካውን ቀለም ነው የምፈልገው። ግን የትኛው ነው የድሮው? ግራጫው? ቢጫው? ስም የለሹ?

አባዬን ጠየቅኩት። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«ምን ዓይነት ቀለም ነበር?»

«ገብስ ቆሎ» አለ ወዲያው። «ያላረረ። ከምጣዱ ሊወርድ ሲል ያለው።»

ሄጄ መተርኮሻውን ከቦታው ሳብኩት። አባዬ ሲጋራ ካቆመ 20 ዓመት አልፎታል፤ መተርኮሻውም ያን ያህል ጊዜ ተዘግቶ ነው የኖረው። ከጎኑ፣ ፀሐይ ገብቶ የማያውቅበት ጣት የምታህል ቦታ አለች። እውነትም ገብስ ቆሎ። ያላረረ። የኔ አባት፣ ፊቱ የቆምኩት እኔ ቀይ ልልበስ ሰማያዊ የማይለየው ሰውዬ፣ ቀለሙን አልሳተውም። መተርኮሻውን በሶፍት ጠቅልዬ የመኪና ቀለም የሚቀይጡበት ሱቅ ወሰድኩ። የሱቁ ልጅ «ለዚህች ነው?» አለኝ። ለዚህች ነው አልኩት። አራት ጊዜ ቀይጦ በአራተኛው መታ።

ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ጥፋት ነው። ሐምሌ ነበር። የ2017 ክረምት ኮልፌን እንዴት እንዳጠበው ታስታውሳላችሁ። ጋሼ «ቀኑ ይድረቅ፣ አትቸኩይ» ብለውኛል። እኔ ግን የሐኪም ቀጠሮው እየቀረበ ነው፤ ደላላው ይደውላል፤ የሁለት ሰዓት ፀሐይ ወጣችና ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥሬ ረጨሁ። ዝናቡ ሲመጣ ገና አልደረቀም ነበር። አልነካውም፤ ከሸራው ሥር ነው። ግን ዓይኔ እያየ ገብስ ቆሎዬ ወተት ፈሰሰበት። ነጭ ጉም ለበሰ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። የናይትሮ ቀለም ሲደርቅ ቲነሩ በፍጥነት ይተንና ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥበት ካለው እርጥበቱ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጠል ሆኖ ያርፍና ከቀለሙ ጋር ይታሰራል። ነጩ እሱ ነው። ጋሼ መጥተው አዩት። አልተቆጡኝም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እኔም በአንድ የጣሊያን ፊያት ላይ እንዲህ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ሳያይ በሌሊት ፋቅኩት» አሉ። እኔም ፋቅሁ። ሙሉውን። ሐምሌና ነሐሴ በመፋቅና በመጠበቅ አለፉ፤ የሐኪም ቀጠሮውንም አራዘምን። ያን ቀጠሮ ሳራዝም ስልኩን የዘጋሁት እያለቀስኩ ነው። በየቀኑ የሚያልፈው ቀን የአባዬ ዳር ዓይን ነው።

መስከረም ላይ ሰማዩ ጠራ። በዚህኛው ጊዜ እንደታዘዝኩት አደረግኩ፦ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ሥር፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቄ፣ እጄን ሳላቆም። የመጀመሪያው ርጭት ጭራሽ የማይሸፍን፣ ጤዛ ያህል። 15 ደቂቃ መጠበቅ። ሁለተኛ። መጠበቅ። ሦስተኛ። አራተኛ። ወፍራም ካደረጉት ይፈሳል፤ ሸንተረሩንም ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ፣ ደብዛዛ መከላከያ። እዚህም ላይ ደላላውን አልሰማሁትም። የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ ፀሐይ ሲያርፍበት በፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ ሾፌሩ መንገዱን ሳይሆን የራሱን ዳሽቦርድ ያያል። ማየት ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያውቅ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ አባዬን እጁን ይዤ አስገባሁት። በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። አላየም፤ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ ሳበው፤ ጠረጴዛ እንደሚጠርግ ሰው። የቆጣሪው ዙሪያ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን መለሰው።

«እዚህ ጋ ችኮላሽ አለ» አለ።

ነበር። ከታች በኩል አንዲት የፈሰሰች የቀለም ጠብታ። እኔም ጋሼም አላየናትም።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ሳልቀባ ትቼ ነበር፤ በግራ በር ላይ ያለውን የክንድ ማረፊያ። አባዬ ለ30 ዓመት ክርኑን ያሳረፈበት ቦታ ጎድጉዶ፣ ለስልሶ፣ ጠቁሯል። እኔ ያ ታሪክ ነው ብዬ ነው። እንዲያውም ስለሱ አንድ ጽሑፍ በጭንቅላቴ ጀምሬ ነበር (ይኸኛው አይደለም፤ ያኛው በጣም የሚያሳዝን ነበር)። ክርኑን አሳረፈና ወዲያው አነሳው።

«ይሄን ለምን ተውሽው?»

«ያንተ ስለሆነ። የክርንህ ቦታ ነው። ይቆይ ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ።

«አንቺ ልጅ» አለ፣ «እኔ እዚህ ላይ ክርኔን የማሳርፈው ሲደክመኝ ነው። የድካሜን ቦታ ነው ያስቀመጥሽልኝ። ቀቢው። የሚገዛው ሰው በራሱ ድካም ያጎድጉደው።»

ቀባሁት። በስቱኮ ሞላሁት፣ ፋቅሁት፣ ቀባሁት።

ገዢው የመጣው በጥቅምት 2018 ነው። ወጣት ነው፤ እፎይታ ገበያ አትክልት ሊያመላልስበት ይፈልጋል። ሞተሩን ሰማ፣ ከሥሩ ገብቶ አየ፣ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ፉጨት አሰማ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«እንዴታ!» አለ ደላላው። «አንድ እጅ የነዳው።»

እዚህ ጋ ጥቂት ሰከንድ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ልቤ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ እያሰላሁ ነበር። የቀዶ ጥገናውን ሒሳብ፣ የጠብታውን ሒሳብ። ከዚያ የሲሊኮኑ ሦስት ቀን ትዝ አለኝ።

«ኦሪጅናል አይደለም» አልኩ። «ቀለሙ የፋብሪካው ዓይነት ነው፣ ግን እኔ ነኝ የቀባሁት። የክንድ ማረፊያው ስቱኮ አለው። ሁለት መያዣ ተሰብሯል፤ እዚህና እዚህ። ቆጣሪው ሥር ደግሞ የፈሰሰ ቀለም አለ፤ በእጅህ ካልሆነ አታገኘውም።»

ደላላው ወደ ሰማይ አየ። ገዢው ቆጣሪው ሥር እጁን ሰደደና አገኘው። ወጥቶ 15 ሺህ ብር ቀነሰ። ተሸጠ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት።

«ስንት ቀነሰ?»

«15 ሺህ።»

አሰበበት። «ለ4 ዓመት ከከፈልኩልሽ ይረክሳል» አለ። «ይሄኛው ቢያንስ ገብቶሻል።»

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የቀኙ ዓይን የነበረውን ይዞ ቆሟል፤ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ ቃል አልገቡም፣ እኛም አልጠየቅንም። በቀደም አመሻሽ ላይ ከአባዬ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት አንገቱን ቀና አደረገ። እኔ ምንም አላየሁም። ቆይቶ ነው ፒክአፑ በኩርባው ብቅ ያለው፤ ቃሪያና ቲማቲም እስከ አፉ ጭኗል። ልጁ አይቶን ቆመ፣ ወርዶ አባዬን ጉልበት ሊስም ሲል አባዬ ትከሻውን ይዞ አነሳው፤ ተጨዋወቱ። ሲሄድ አባዬ ወደኔ ዞረ።

«ዳሽቦርዱን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ያብረቀርቃል?»

ከፊት መስታወቱ ላይ የምሽቷ ፀሐይ ከዳሽቦርዱ እየተመለሰች ዓይኔን ወግታኝ ነበር። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ሳይለቀልቀው አይቀርም። ልሸፍንለት አሰብኩ። ተውኩት።

«ያብረቀርቃል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ደላላው ነው የመከረው» አለ።